የሐይቁ ጥይትና የቤታችን ቧንቧ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሺካጎ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖቼ የተናገርሁት ነው። ከቅጂው ላይ እያዳመጠ የጻፈልኝ የእኅቴ ልጅ ነው። እኔ መደጋገሜን ትንሽ ቀነስሁለት፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆችም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ቡናው ገና አቦል ላይ ነው ብለውኛል። በረካ ሳይደርስ ለመጨረስ ቃል እገባለሁ፤ ካልጨረስሁ እማማ ማይኩን ይንጠቁኝ።

በጥያቄ ልጀምር። ይኼ በእጄ የያዝሁት ምንድን ነው? ጮክ በሉ! "እርሳስ" አላችሁ። ሁላችሁም ተሳሳታችሁ። እዚህ ውስጥ አንዲት ቅንጣት እርሳስ የለችም፤ ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ነው፣ የከሰል ዘመድ። ልጆቻችሁ ቢያኝኩት ከሆድ ቁርጠት በላይ አያመጣባቸውም። አሁን ደግሞ ይቺን ተቀበሉኝና አዟዙሯት። ከበደቻችሁ አይደል? መጠኗን እዩና ክብደቷን እዩ። እርሳስ ማለት ይቺ ናት። ዓሣ አጥማጆች መንጠቋቸው ወደ ታች እንዲሰምጥ ክሩ ላይ የሚያስሯት ናት። አንድ ሊትር ጠርሙስ ውኃ ብትሞሉት አንድ ኪሎ ነው፤ በዚያው ልክ የሆነ ድፍን እርሳስ ግን ከ11 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አያቶቻችን አረር ይሉት ነበር፤ ከጠመንጃ አፈሙዝ የሚወጣውንም አረር ይሉታል፤ አንድ ነገር ስለሆነ። የነካችኋት ሰዎች ግን፣ አደራ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ድፎ ዳቦው ጋ እንዳትጠጉ። እየቀለድሁ አይደለም።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ በዚህ በምንጠጣው በሚሺገን ሐይቅ ላይ በ2006 ሊደረግ የነበረውን። ሁለተኛ፣ በዚያ ክርክር ማን እውነት ማን ውሸት እንደተናገረ። ሦስተኛውን ስደርስበት እነግራችኋለሁ፤ አሁን ከነገርኋችሁ ትሄዳላችሁ።

እሺ። በ2006 ታክሲ እነዳ ነበር። ያኔ ሺካጎ ኖሮ ታክሲ ያልነዳ ወንድ ካለ እጁን ያውጣ። … አንድ ብቻ? ዶክተር፣ አንተማ ከኋላ ወንበር ነበርህ! እናላችሁ በሰመር አንድ ሰውዬ ከኦሄር አየር ማረፊያ ጫንሁ። ሬዲዮው ዜና ያወራል። ሰውዬው ድንገት ወንበሬን በጥፊ መታና "ሰማህ? ሐይቃችን ላይ በመትረየስ ሊተኩሱ ነው!" አለኝ። እኔ መትረየስ የምትለዋን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ሽሽት ነው። እዚህም መጣ እንዴ? አልሁ በልቤ። "ማን ነው የሚተኩሰው?" ስለው "ኮስት ጋርድ፤ ለልምምድ" አለኝ። እኔም "ታዲያ ሐይቁ ምን አደረጋቸው?" አልሁት። ሰውዬው እስክንደርስ ሲስቅ ነበር። ጉርሻውም ደህና ነበር።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ኮስት ጋርድ፣ ያው የባሕር ጠረፍ ጠባቂው፣ ከመስከረም 11ዱ አደጋ በኋላ በ2003 ወደ አገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ጀልባዎቹም መትረየስ ተጠመደባቸው። መትረየስ የጠመደ ደግሞ መለማመድ አለበት። ስለዚህ በኦገስት 2006 ሐሳቡን ይፋ አደረገ፦ በአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች፣ በሱፒሪየር፣ በሚሺገን፣ በሂውረን፣ በኢሪና በኦንታሪዮ ላይ፣ 34 ቋሚ የተኩስ ልምምድ ቦታዎች ይከለሉ የሚል። ስንት? 34! ከዳርቻ ራቅ ብለው፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የምንጠቀምባቸው አሉ። ሰውን ያስቆጣው ሌላም ነገር ነበር፤ ሐሳቡ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ልምምዱ ተጀምሮ ነበር። ከተኮሱ በኋላ "እንተኩስ ወይ?" ብለው ጠየቁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ ታሪክ ስወድ አትፍረዱብኝ። አሜሪካና እንግሊዝ በ1812 ተዋግተው፣ እዚሁ ሐይቆች ላይ መርከብ ለመርከብ ተላልቀው፣ በ1817 ረሽ ባጎት የሚባል ውል ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት በሐይቆቹ ላይ የሚቀሩት ትንንሽ መርከቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እያንዳንዷም አንድ መድፍ ብቻ፣ 18 ፓውንድ ጥይት የሚተኩስ፣ ትይዛለች። በቃ። አሜሪካና ካናዳ በሐይቅ ተዋስነው ጎን ለጎን እስከ ዛሬ የሚኖሩት በዚያ ውል ነው። ታዲያ መትረየሱ እንዴት ገባ? በ2003 ሁለቱ መንግሥታት ተነጋግረው፣ ለሕግ ማስከበር እስከሆነ ድረስ ውሉ አይከለክለውም ብለው ተስማሙ። ወረቀቱ ያው ነው፣ አነባበቡ ተለወጠ። የእኛም አገር ሰው ይኼን ዓይነቱን ነገር በደንብ ያውቀዋል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። መሣሪያው 7.62 ሚሊሜትር ነው፤ በደቂቃ 600 ገደማ ይተፋል። ከቀለሁ ወጥታ የምትሄደዋ አረር 9 ግራም ተኩል ያህል ትመዝናለች፤ ከላይ መዳብ ለብሳለች፣ ውስጧ ግን እርሳስ ነው። 600 ጊዜ 9.5፣ ልጆች፣ ስልኩን ለቁም ነገር ተጠቀሙበት! … 5,700 ግራም። በአንድ ደቂቃ ስድስት ኪሎ የሚጠጋ አረር ከሐይቁ ታች ይቀመጣል። ለቅሞ የሚያወጣው የለም። ተኩስ ሜዳ ላይ ቢሆን አፈሩን በወንፊት ነፍቶ እርሳሱን መሰብሰብ ይቻላል። ሚሺገን ሐይቅ ጥልቅ ቦታው ላይ 281 ሜትር ነው። ማን ሊወርድ?

ፍርድ እንዳይጎድል የጠረፍ ጠባቂውንም ወገን ልናገር። እነሱ ያሉት ሐሰት አልነበረም። በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ቆሞ መተኮስ መሬት ላይ ተኝቶ ከመተኮስ ይለያል። ወታደሩ የሚጠብቀው ውኃ ላይ ካልተለማመደ በክፉ ቀን ሌላ ሰው ይመታል። ሁሉንም ወደ ውቅያኖስ እየጫኑ መውሰድ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። ይኼ ተራ ሰበብ አይደለም።

የተቃወመው ሕዝብስ? ዓሣ አጥማጁ፣ ባለ ጀልባው፣ የየከተማው ከንቲባ፣ ከማዶ ደግሞ ካናዳዎቹ፤ የቶሮንቶ ከንቲባ ሳይቀር። ግማሹ ፍርሃቱ እርሳሱን አልነበረም፤ "ልጄን ይዤ ዓሣ ላጠምድ ወጥቼ ክልሉ ውስጥ ብገባስ? በባሕር ሬዲዮ እንናገራለን ትላላችሁ፤ የእኔ ታንኳ ሬዲዮ የላትም" ነበር። የቀረው ግማሽ ስለ እርሳሱ ጮኸ። በየከተማው ስብሰባ ተጠራ፣ ሰው እየተነሣ ተናገረ፣ ደብዳቤ ጎረፈ። በዲሴምበር 2006 ሐሳቡ ተሰረዘ። አድሚራሉ ወጥቶ በዚህ መልኩ አንገፋበትም አለ። በአምስት ወር ውስጥ!

እኔስ የት ነበርሁ? ታክሲ ውስጥ። ስብሰባ መኖሩን ሰምቻለሁ፤ አልሄድሁም። የሳምንቱ ኪራይ ነበረብኝ፤ እሱ አንድ ነገር ነው። እውነቱን ልንገራችሁ ግን፣ ኪራዩ ባይኖርም አልሄድም ነበር። "የእነሱ ሐይቅ ነው፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?" ነበር ያልሁት። ያን ጊዜ 11 ዓመት ሙሉ ያንን ሐይቅ ጠጥቻለሁ። ሻዬ እሱ ነው፣ የልጄ ወተት የተበጠበጠው በእሱ ነው። ይኼን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ሁለተኛው። ኋላ እንደምታውቁት ታክሲውን ትቼ ተማርሁና ላለፉት 13 ዓመታት የውኃ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ጠርሙስ መቀበል፣ አሲድ ጠብ ማድረግ፣ መሣሪያው ላይ ማስገባት፣ ቁጥር መጻፍ ነው። አሰልቺ ነው፤ እወደዋለሁ። ስለዚህ ይኼን ክርክር ዛሬ መለስ ብዬ ሳየው አንዳንዶቻችሁን የሚያስቀይም ነገር አያለሁ። "ጥይት እንጠጣለን" ብሎ የጮኸው ሰው አጋንኗል። ልድገመው፤ አጋንኗል። ድፍን እርሳስ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደ ስኳር አይሟሟም። ላዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ያበጃል፤ ያ ቅርፊት ውስጡን ይሸፍነዋል። በሚሺገን ሐይቅ ውስጥ፣ ውኃው ኖራማ ስለሆነ፣ ቅርፊቱ ደህና ይይዛል። ከዚያ ከሩቁ ጥልቅ ውኃ ተነሥቶ እስከ ማጣሪያው ድረስ መጥቶ የእኔ መሣሪያ ላይ የሚታይ ቁጥር ይሆናል ብትሉኝ፣ ይከብደኛል።

ታዲያ ኮስት ጋርድ ልክ ነበር? እሱም አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ጥናታችን አደጋ አላገኘንም አሉ። እኔ የሚያሳስበኝ አምስቱን ሐይቅ እንደ አንድ ባልዲ መቁጠር ነው። ሱፒሪየር ውኃው ለስላሳ ነው፣ ኖራው ትንሽ ነው፤ ለስላሳ ውኃ እርሳስን ይበልጥ ይበላል። ኢሪ ውኃው ተቀይሮ ለመታደስ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ሱፒሪየር 191 ዓመት ይፈልጋል። 191! ዛሬ የጣልኸው ተጠርጎ ሲወጣ የልጅ ልጅህ ልጅ እንኳ አያየውም። እኔ አገር ቤት ያደግሁት አዋሳ ነው፤ የአዋሳ ሐይቅ ከነጭራሹ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው "ውኃው ይወስደዋል" ሲሉት አያምንም።

ደግሞ እርሳስ የሚጎዳው ተሟሙቶ ብቻ አይደለም። ሉን የምትባል ወፍ አለች፤ ማታ ማታ ሐይቅ ላይ እንደ አልቃሽ የምትጮኸው። እንደ ዶሮዎቻችን ምግቧን በሆዷ የምትፈጨው ጠጠር ውጣ ነው። ጠጠሩ መሐል ይቺን የመሰለች የዓሣ አጥማጅ እርሳስ ከገባች፣ አንዲት ብቻ፣ ያቺ ወፍ ሞተች። የሆዷ አሲድና ፍጭቱ ቅርፊቱን ይገፉታል። ዳክዬዎችም እንዲሁ ርሽ፣ ያው ትንንሹን የማደኛ ጠመንጃ ፍሬ፣ እየዋጡ ያልቁ ስለነበር ነው በ1991 በመላው አሜሪካ የውኃ ወፍ በእርሳስ ርሽ ማደን የተከለከለው። በዚያው ዓመት እዚሁ ሺካጎ፣ ሊንከን ፓርክ ዳር፣ ከ1912 ጀምሮ ወደ ሐይቁ ፊቱን አዙሮ የሸክላ ዒላማ ሲተኩስ የኖረው ክለብ ተዘጋ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ርሹ የት ሲወድቅ ነበር? ሐይቅ ውስጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በኩል ወክ የምታደርጉ እኅቶች ታውቁታላችሁ፣ ቦታውን እንጂ ነገሩን አታውቁም።

"ታዲያ እርሳስ በሌለው ጥይት አይለማመዱም?" ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጭ ልበል፤ ይኼ ከሁሉ የምወደው ታሪክ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ኬፕ ኮድ ላይ ካምፕ ኤድዋርድስ የሚባል የጦር ማሠልጠኛ አለ። መሬቱ አሸዋ ነው። የአካባቢው ሰው የሚጠጣው ደግሞ ከዚያው አሸዋ ሥር የሚወጣውን ውኃ ነው። በ1997 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጦሩን፣ አስቡት፣ የአሜሪካንን ጦር፣ በእርሳስ መተኮስ አቁም አለው። አቆመ። ቆይቶ "አረንጓዴ ጥይት" የሚባል መጣ፤ በእርሳስ ፋንታ ተንግስተንና ናይሎን የተሞላ። ተንግስተን ማለት የድሮው አምፖል ውስጥ የሚበራው ሽቦ ነው። ውኃ ውስጥ አይሟሟም ተባለ። ሁሉም ተደሰተ፣ ተኩሱ ቀጠለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከርሰ ምድሩን ውኃ ሲመረምሩ ምን አገኙ? ተንግስተን! አይሟሟም የተባለው ሟሙቶ ወርዷል። በ2006 እሱም ታገደ።

ለምን ነገርኋችሁ? አረንጓዴ ያሉት ሰዎች ተንኮለኞች አልነበሩም። ቀድመው ውኃውን አልጠየቁትም እንጂ። በ2006 ሐይቆቹ ላይ ያሸነፈው ክርክርም፣ እኔ እንደማየው፣ "እርሳስ መርዝ ነው" የሚለው አይደለም፤ ያንንማ ኮስት ጋርድም ያውቃል። ያሸነፈው "ከመተኮሳችሁ በፊት እኛን፣ ጠጪዎቹን፣ ለምን አልጠየቃችሁንም?" የሚለው ነው።

እማማ ሰዓት እያዩ ነው። ሦስተኛው ይኸው።

መጀመሪያ ግን አሞራ ገደል ልውሰዳችሁ። አዋሳ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጀልባ የሚደርስበት፣ አባ ኮዳ ከሰው እኩል ተሰልፎ የዓሣ ሆድቃ የሚጠብቅበት። ዘጠኝ ዓሥር ዓመቴ ይሆናል። ጓደኞቼና እኔ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ የተጣለ የመኪና ባትሪ ሰብረን እርሳሱን አወጣን። የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ከትተን ሦስት ጉልቻ ላይ ጣድነው። ብዙ እሳት አይፈልግም፤ 327 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። መጀመሪያ ግራጫ ቆዳ ይሠራል፤ ቆዳውን በዱላ ገፋ ስታደርገው ሥሩ እንደ መስተዋት ነው፤ ፊቴን አየሁበት። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን አሸዋ ላይ በጣታችን ጉድጓድ ቆፍረን አፈሰስነው። ሲበርድ ለቆሮሶ ማጥመጃ የምትሆን ጠብደል ፍሬ ወጣች። ትንንሾቹን ደግሞ ክሩ ላይ ለማጥበቅ በጥርሴ ነከስኋቸው። በጥርሴ! በዚያው እጅ፣ በዚያው አፍ፣ ሎሚ ጨምቀን ጥሬ ዓሣ በላን። ማንም አልከለከለንም፤ ማንም አያውቅም ነበር።

እርሳስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ራሱን ካልሲየም አስመስሎ ነው። አጥንት ያስገባዋል፤ እዚያ ለዓሥርት ዓመታት ይቀመጣል። እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ ይወጣና ወደ ፅንሱ ይሄዳል። ሕፃን ልጅ ላይ "ይኼን ያህል ቢሆን ችግር የለም" የሚባል መጠን አልተገኘም። ትኩረቱን ይወስዳል፣ ትምህርቱን ይወስዳል፣ ምልክት ሳያሳይ። እኔ ሒሳብ የከበደኝ በዚያ ጣሳ ምክንያት ነው እያልሁ ለሚስቴ እነግራታለሁ፤ አታምነኝም።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ሐይቁ ታች ካለችው ጥይት ይልቅ ለልጃችሁ የምትቀርበው እርሳስ የት ነው ያለችው? ከመንገድ ወደ ቤታችሁ የምትገባው ቧንቧ ላይ! ሺካጎ ውስጥ እስከ 400,000 የሚገመት የእርሳስ ቧንቧ አለ፤ ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ የሚበልጣት የለም። ደግሞ ተደብቆ የተቀበረ አይደለም፤ የከተማው ደንብ ራሱ እርሳስ ቅበሩ ይል ነበር፤ እስከ 1986፣ ኮንግረስ እስኪከለክል። ያንን ሁሉ ውኃ ታቅፈን የገዛ ማድቤታችንን ቧንቧ ስንፈራ፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼው ነው። ከተማው ውኃው ላይ ፎስፌት ይጨምራል፤ ፎስፌቱ ቧንቧውን ከውስጥ እንደ ልስን ይለስነዋል። ጥሩ ነው። መንገዱ ተቆፍሮ ቧንቧው ሲነቃነቅ ግን ልስኑ ይረግፋል። ቤታችሁ በር ላይ ሲቆፈር መጥቶ የጠየቃችሁ አለ? እናንተስ ወጥታችሁ ጠይቃችኋል? "የእነሱ ቧንቧ ነው፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?" … ያዙልኝ ያልኋችሁ ይኼንን ነው።

ዛሬ ማታ የምታደርጉትን ልንገራችሁ። ምድር ቤት ውረዱ። ውኃው ከግድግዳ የሚገባበትን፣ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ፈልጉ። በሳንቲም ጫር ጫር አድርጉት። የሳንቲም ዓይነት ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ግራጫ ሆኖ ማግኔት ከያዘው ብረት ነው። ግራጫ ሆኖ፣ ለስልሶ፣ ስትጭሩት እንደ ብር ካበራ፣ ማግኔትም ካልያዘው፣ እሱ እርሳስ ነው። ጭራችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ። ተከራይ ነኝ አትበሉኝ፤ ተከራይም ይጠጣል። ወደ ከተማው አገልግሎት ቁጥር፣ ወደ 311፣ ደውላችሁ መመርመሪያ ዕቃ በነፃ ጠይቁ። ውኃው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሳይከፈት ካደረ በኋላ የመጀመሪያውን ነው የምትቀዱት፤ ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ሽንት ቤት ለቃችሁ ከሆነ ተበላሸ። እስከዚያው ጠዋት አምስት ደቂቃ ልቀቁት፤ ለምግብና ለሕፃን ወተት ከቀዝቃዛው ብቻ ቅዱ፤ ማጣሪያ ከገዛችሁ ካርቶኑ ላይ ኤንኤስኤፍ 53 (NSF 53) የሚል የደረጃ ምልክት ያለው፣ እርሳስንም የሚጠቅስ መሆኑን እዩ። ቅጹን መሙላት የሚቸግረው ካለ እኔ በር ላይ እቆማለሁ፤ እንግሊዝኛው አያስፈራችሁ።

አዎ እማማ፣ ይጠይቁ። … "ካፈላነውስ?" አሉ። ተባረኩ፤ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ እርሳስን ግን አይነካውም። ውኃው ይተናል፣ እርሳሱ ይቀራል፤ እንዲያውም እየወፈረ ይሄዳል። ጀበና ላይ ሦስት ጊዜ ስትመልሱት አስቡት።

ምን አሉ? … "ታዲያ ይኼ ቡና ከየትኛው ውኃ ነው?" ይላሉ። ጠዋት ከሁላችሁ ቀድሜ መጥቼ የዚህን ቤት ምድር ቤት ወርጃለሁ። ሱሪዬን እዩት፣ ጉልበቴ ላይ አቧራው አለ። ቆጣሪው አጠገብ ጫርሁት። ቀይ ነው፣ መዳብ። በሉ በረካውን አምጡት።